በእትዬ ዘነቡ ደም ስለ በቀለው እርሾ መርካቶ ደርሼ የተመለስኩበት ጉዞ

ይህን የምጽፈው ዓባይን ተሻግረው ለማያውቁ የሥራ ባልደረቦቼ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ መርካቶ እንዴት ያለች ናት፣ ፎቁስ፣ መብራቱስ እያሉ መቀመጫ ነሱኝ። ለእያንዳንዱ ከማወራ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል አልኩ። ነገር ግን ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በቅናት ዓይን ነው። ቅናቴ ያሠራኝንም ጭምር ስለምጽፍ፣ የከተማ ወሬ ብቻ የፈለገ እዚሁ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ላቦራቶሪ ስል ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ያለችውን፣ ማይክሮስኮፑ በመስኮት ብርሃን የሚሠራባትን ጠባብ ክፍል ማለቴ ነው። ሰው ስለሚያንሰን ለተኙ በሽተኞች መድኃኒት የማደሉም ሥራ የእኔ ነው። የሆስፒታላችን ልብስ አጣቢ እትዬ ዘነቡ አንጀታቸው ተጠማዞ ኦፕራሲዮን ከተደረጉ በኋላ፣ ቁስሉ ደህና ሲሆን ትኩሳቱ አልለቅ አላቸው። ግሉኮስ የሚገባበት መርፌ ክንዳቸው ላይ ብዙ ሰንብቶ ነበር። ደማቸውን ቀድቼ በጠርሙስ ባሳድገው፣ እንደ እርሾ ከጎኑ እያቆጠቆጠ የሚራባ ነገር አየሁ። ይህ የፈንገስ ወገን ነው፤ ፔኒሲሊን ቢወጉት አይሰማውም። ዶክተራችን የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ ጓደኛቸው ከአገራቸው የላከላቸውን አዲስ ክኒን አወጡና በየስድስት ሰዓቱ አራት አራት እንድሰጥ አዘዙኝ።

በቀን አሥራ ስድስት ክኒን ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥሩ ሠራተኛ የሚባለው የሚያብቃቃ ነው። ፋሻ ታጥቦ ይደገማል፣ መርፌ በድንጋይ ተስሎ ይመለሳል፣ ጓንት እየተጣፈ ይከርማል። በዚህ ሙያዬ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ባለበት ተመስግኛለሁ። ስለዚህ ለዶክተሩ ሳልነግር ሁለት ሁለት እየሰጠሁ፣ ቻርቱ ላይ አራት እየጻፍኩ፣ የተረፈውን ለክፉ ቀን ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩ። ትኩሳቱ በሳምንቱ ወረደና ኮራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። በዶክተሩ ግምት ክኒኑ በሙሉ አልቋል፤ የቆለፍኩትን ላውጣ ብል ከየት መጣ ልባል ነው። መሳቢያውን እንደ ተቆለፈ ተውኩት። እሳቸውም እርሾውን አዲስ አበባ ወስጄ እንዳስመረምርና ተጨማሪ ክኒን ይዤ እንድመጣ ደብዳቤ ጻፉልኝ። እንዲህ ሆኜ፣ በቁልፍ የያዝኩትን ነገር ፍለጋ አገር አቋርጬ ሄድኩ።

ሰኞ። ጎሕ ሲቀድ አውቶቡሱ ተነሣ። እርሾው ያደገባቸውን ሁለት ቱቦዎች በጥጥ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌያለሁ፤ ከጎኔ የተቀመጡት የማር ነጋዴ ደረቴን አቅፌ ሲያዩኝ ብርድ የመታኝ መስሏቸው ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። ደጀን ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲቀይር ነጋዴው ከአገልግላቸው አውጥተው አጎረሱኝ። ዓባይ በረሃ ወርደን ወጣን፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ምሳ በላን። ጥብሱ እኛ አገር ካለው ጠንከር ይላል፣ ሚጥሚጣው ግን አይታማም።

ሊመሽ ሲል ከእንጦጦ አፋፍ ላይ ከተማዋ ቁልቁል ታየች። የእኛ ከተማ ጄኔሬተር ከእራት ሰዓት አያልፍም፤ እዚህ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መብራቱ እስከ ዓይን ማረፊያ ተዘርግቷል። ተሳፋሪው ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ፊቴን ከመስኮቱ መለስኩ። እዚያ መብራት ውስጥ ሙሉጌታ አለ ብዬ ነው።

ሙሉጌታ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ተምረን እኔ አንደኛ ወጣሁ፣ እሱ አራተኛ። ምደባ ሲወጣ እሱ አዲስ አበባ ካለ ትልቅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ገባ፣ እኔ ዓባይን ተሻገርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ይጽፍልኛል፤ ከሦስቱ ለአንዱ እመልሳለሁ። ዶክተሩ መምጣቴን በቴሌግራም ነግረውት ኖሮ፣ አውቶቡስ ተራ ስወርድ ኮትና ከረባት አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሞ አገኘሁት። ሸብቷል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አንዲት ሽበት የለበትም። ቤቱ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ስለ ሆነ በእግር እንደምንደርስ፣ ሚስቱ አልማዝም እራት ይዛ እንደምትጠብቀን ነገረኝ። እኔ ግን ሆስፒታሉ የአልቤርጎ አበል ስለ ሰጠኝ እዚያው ማደር አለብኝ ብዬ ዋሸሁት። ተከራከረኝና ሲያቅተው ሻንጣዬን እስከ አልቤርጎው በር ድረስ ተሸከመልኝ። ክፍሉ የቆርቆሮ ግድግዳ ነበረው፤ ትኋኑ እስኪነጋ ሲግጠኝ አደረ። በኩራቴ የገዛሁት አልጋ ስለ ሆነ ለማን እከሳለሁ።

ማክሰኞ። በጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ወሰደኝ። በር ላይ ዘበኛው ባርኔጣውን አነሣለትና “ዶክተር” አለው፤ እሱ ደግሞ አላረመውም። ውስጡን ለማየት ያብቃችሁ። ማይክሮስኮፑ የራሱ አምፖል አለው፤ ደመና መጣ አልመጣ ብሎ መስኮት የሚያይ የለም። እርሾ የሚያድግበት ሣጥን ሙቀቱን ራሱ ይጠብቃል፤ እኔ ጠርሙሶቼን ከወጥ ቤቱ ምድጃ አጠገብ ነው የማስቀምጥ። ማቀዝቀዣው ሁለት ነው። አንዱ ባዶውን ነበር፤ ባዶ ማቀዝቀዣ ሳይ ደሜ ፈላ።

ሙሉጌታ ቱቦዎቼን ከፍቶ አየና ንጹሕ አድርጌ እንዳሳደግሁት ለረዳቶቹ እያሳየ አመሰገነኝ። ሲያመሰግነኝ ይበልጥ አናደደኝ። ከዚያ እርሾውን ሳህን ላይ ቀባው፤ በመድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶችንም ላዩ ላይ አስቀመጠ። እርሾው መድኃኒቱን የሚፈራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ የማይፈራ ከሆነ እስከ ወረቀቱ ድረስ ይበቅላል። ይህን ለማየት ሁለት ቀን ይፈጃል። የዶክተሩን ደብዳቤ አነበበና፣ ክኒኑ ብቻውን ሲሰጥ እርሾው ቶሎ የሚላመደው እንደ ሆነ እነሱም ዘንድ እንደ ታየ ነገረኝ። በተለይ መጠኑ ሲጎድል፣ ደካማው እርሾ ይሞትና ጠንካራው ይተርፋል፤ የተረፈው ይራባል፤ ከዚያ በኋላ ክኒኑን በቁና ቢሰጡት ግድ የለውም።

“ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለኝ። “ሙሉውን ወስደው ከሆነ ሳህኑን አይተን ሐሙስ እንወስናለን። ከክኒኑ ሌላ ያለው መድኃኒት መርፌ ነው፣ ኩላሊት ስለሚጎዳ ያለ ማስረጃ አልልከውም። ጎድሎባቸው ከሆነ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገ በጠዋት መርፌውን ይዘህ ትሄዳለህ። ሙሉውን ነው የወሰዱት?”

ረዳቶቹ ቆመው ያዩኛል። የሙሉጌታ ነጭ ጋዋን ተተኩሶ ቀጥ ብሏል። ከበታቼ የወጣ ሰው እኔን መረመረኝ አልኩ በሆዴ።

“ሙሉውን ነው” አልኩት።

ማታ እራት ቤቱ በላሁ፤ ከዚህ በላይ እምቢ ማለት ነውር ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ውሃው በቧንቧ ጓሮው ድረስ ይመጣል። አልማዝ “ይብሉልኝ እንጂ ጋሼ አያሌው፣ እሱ ስለ እርስዎ ሳያነሣ የሚውልበት ቀን የለም፤ ፈተና ላይ የሚያድነኝ እሱ ነበር ይለኛል” እያለች ታጎርሰኛለች። የእኔ ትዳር እንዳልሆነ ሆኖ ከቀረ ቆይቷል። ፓስታ ቀቅላ በቀይ ወጥ አቀረበችው፤ እንዴት እንደሚጠቀለል አላውቅበት ኖሮ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ሸሚዜን አስወልቃ አጥባ በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ እስክትጨርስ የሙሉጌታን ሹራብ አለበሰችኝ። ሹራቡ ልክ ሆነኝ፤ ሳወልቀው ከፋኝ።

ረቡዕ። ሙሉጌታ ሥራ ገባ፤ እኔ የምጠብቀው ነገር የእኔው ውሸት ስለ ሆነ መርካቶን ልይ ብዬ ወጣሁ። እኛ ገበያ ቅዳሜ ቆሞ ቅዳሜ ይበተናል፤ ይኼኛው ማለቂያ የለውም። ሁሉም ነገር ተራ አለው፤ ሸማው ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ፣ በርበሬው ለብቻ። ምናለሽ ተራ የሄድኩት እኛ ቆፍረን የምንቀብረው ዕቃ ሲሸጥ ለማየት ነበር፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ታጥቦ ተደርድሮ አየሁ። ይህስ እኛን ይመስላል ብዬ ደስ ሲለኝ አንድ ኩሊ የሽቦ ጥቅል ተሸክሞ “ጀርባ! ጀርባ!” እያለ መጣና ገፍቶኝ የጫማዬ ተረከዝ ተነቀለ። አንድ የጎማ ጫማ ሠሪ ጠርቶ አስቀመጠኝ፤ ከመኪና ጎማ ቆርጦ ተረከዝ ሠራልኝ። የክፍለ ሀገር ሰው መሆኔን ከአረማመዴ እንዳወቀ ነገረኝ፤ ከወዴት እንደ መጣሁም ጠይቆ የጎጃምን ጤፍ አመሰገነ።

ከዚያ ሲኒማ ራስ አጠገብ ወዳለው የመድኃኒት መደብር ሄድኩ። ባለቤቱ ሐጂ ኑሪ የሚባሉ፣ ከሥልጤ በልጅነታቸው መጥተው ከጉሊት ተነሥተው አስመጪ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ሙሉጌታ ስለ እኔ አስቀድሞ ነግሯቸዋል፤ እሱ ያልደረሰበት ቦታ ያለ አይመስልም። ክኒኑም መርፌውም እሳቸው ዘንድ ነበር። መርፌው ዱቄት ነው፣ በትንንሽ ብልቃጥ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ብቻ እንደ ቀራቸው፣ ሌላ ሆስፒታልም ጠይቆ በነገው ቀን መልስ እንደሚጠባበቅ ነገሩኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ልነሣ ብል አስቀመጡኝ። ቀኑ ረቡዕ መሆኑን፣ እኔም ጾመኛ መሆኔን ከእኔ በፊት አስበው ፉል ያለ ቅቤ በዘይት አዘዙልኝ፤ እሳቸው ሥጋቸውን ሳይነኩ ከእኔ ጋር ፉል በሉ። ሙሉጌታን የሚያውቁት ልጃቸው ታሞ በነበረ ጊዜ እንደ ሆነ ሲያጫውቱኝ፣ ዳቦዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ይህ ሰው በየሄደበት ቀድሞኝ ደግ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ገና እጃችንን ሳንታጠብ ሙሉጌታ ራሱ በሩን ከፍቶ ገባ። ሮጦ ነበር የመጣው፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሯል። ከዶክተራችን ቴሌግራም ይዟል። እትዬ ዘነቡ ትኩሳቱ አጥንታቸው ገብቶ ሰው መለየት አቅቷቸዋል ይላል።

ሙሉጌታ ለሐጂ ያብራራ ጀመር። ሳህኑ ገና አንድ ቀኑ ስለ ሆነ ማንበብ እንደማይቻል፣ ክኒኑ በሙሉ መጠን ተሰጥቶ ስለ ነበር ምናልባት ትኩሳቱ ከሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል፣ መርፌውን በጭፍን ቢልከው ኩላሊታቸውን ገድሎ ሊያርፍ እንደሚችል። እያንዳንዱ ቃል በእኔ ውሸት ላይ የቆመ ነበር። ግንባሩን አልቦት ነበር። የእኔን በሽተኛ እኔ ሳልጨነቅላቸው እሱ ተጨነቀላቸው ብዬ በዚያችም ሰዓት ቀናሁ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

“ሙሉውን አልሰጠሁም” አልኩ።

ዞሮ አየኝ። “ስንት ነው የሰጠሃቸው?”

“ግማሹን። የቀረው መሳቢያዬ ውስጥ ነው።”

“ትናንት ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?”

“የጠየቅከኝ አንተ ስለ ሆንክ።”

ሙሉጌታ ትከሻው ላይ የዞረውን ከረባቱን አስተካከለ። ቢሰድበኝ እፎይ ባልኩ ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ ሐጂ መለሰና፣ “ሐጂ፣ ክኒኑ ይቅር፤ መርፌውን ያውጡልን” አላቸው። ሐጂ ተነሥተው የሌላው ሆስፒታል ነገር እንዴት ይሆናል ሳይሉ ብልቃጦቹን በሙሉ አወጡ።

የዕለቱ አውቶቡስ ሄዷል። አንድ ቀን አባክኛለሁ፤ ትናንት እውነቱን ብናገር ኖሮ በዚያች ሰዓት ዓባይን እየተሻገርኩ ነበር። ማታውን ሙሉጌታ ቤት አደርኩ፤ አልቤርጎ የሚል ቃል አልወጣኝም። አልማዝ የሠርጓን ቴርሞስ አጥባ ሰጠችኝ። ሙሉጌታ ብልቃጦቹን በጥቁር ወረቀት ጠቀለለ፤ መድኃኒቱ ብርሃን አይወድም። በስኳር ውሃ ብቻ እንደሚበጠበጥ፣ በጨው ውሃ ከሆነ እንደሚበላሽ፣ በስድስት ሰዓት ቀስ ብሎ እንደሚንጠባጠብ፣ በሽተኛዋ ሲገባላቸው እንደሚንቀጠቀጡ፣ ሽንታቸው በየቀኑ እንዲለካ፣ ሁሉንም ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። በትምህርት ቤት እኔ ነበርኩ እሱን የማስደግመው።

ሐሙስ። ሙሉጌታ በጠዋት ከለስላሳ ሻጭ በረዶ ለምኖ አምጥቶ ቴርሞሱን ሞላው፤ አውቶቡስ ተራ ድረስም ተሸከመልኝ። የታሸገ ደብዳቤ ለዶክተሩ ሰጠኝ። ውስጡ ምን እንዳለ የማውቅ መሰለኝ፤ እኔ ብሆን የምጽፈውን ክስ እሱም ጽፎታል ብዬ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሣ እጁን ሲያውለበልብ መልሼ አላውለበለብኩም፣ ሁለቱም እጄ ቴርሞሱ ላይ ነበር። ይህም ሰበብ ነው።

ዓባይ በረሃ ወርደን ድልድዩን እንደ ተሻገርን ራዲያተሩ ፈላ። እዚያ ሙቀት ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። ቴርሞሱን ብነቀንቀው በረዶው ውሃ ሆኖ ይንቦጫቦጫል። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ወይዘሮ ምን እንደ ያዝኩ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ነጠላቸውን አውልቀው ከሾፌሩ ጄሪካን ውሃ አርሰው ቴርሞሱን ጠቀለሉት። ሾፌሩ ለራዲያተር የያዘውን ውሃ ማባከን ነው ብሎ ሊከለክል ሲል፣ ተሳፋሪው ሁሉ የየራሱን የመጠጥ ውሃ አወጣ። ደጀን እስክንወጣ በየተራ ሲያርሱት መጡ። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ሳይቀበሉኝ ወረዱ።

ሊመሽ ሲል ደረስኩ። ቴርሞሱ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ዶክተሩ ብልቃጡን ተቀብለው ሳይቀመጡ መድኃኒቱን አዘጋጁ፤ ሙሉጌታ ያስጠናኝን እያልኩ ከጎናቸው ቆምኩ። እትዬ ዘነቡ አላወቁኝም። መድኃኒቱ ሲገባላቸው አልጋው እስኪንቀሳቀስ ተንቀጠቀጡ፤ እግራቸውን ይዤ አደርኩ።

በማግስቱ ዶክተሩ ደብዳቤውን አነበቡና ሠራተኛውን ጠሩ። ሙሉጌታ የጻፈው እንዲህ ነው፤ እርሾው ክኒኑን መላመዱን ሳህኑ ሳይነበብ በፊት የጠቆመው መልእክተኛው ራሱ ነው፣ እሱ ባይናገር ኖሮ ተጨማሪ ቀን እናጣ ነበር። ከቃሉ አንዱም ሐሰት አይደለም። ግማሽ ስለ ሰጠሁት ግን አንድ ፊደል የለበትም። ዶክተሩ በሁሉም ፊት እጄን ጨበጡኝ፤ ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ሙሉጌታ ላይ ተቃጠልኩ። ሊያዋርደኝ ሲችል ሸፈነኝ፤ ከዚህ በኋላ እንዴት አድርጌ ልጠላው ነው። እጅ ነሥቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ትኩሳቱ ቀስ እያለ ወረደ። ሽንታቸው አንድ ሰሞን አንሶ አስፈራን፤ ዶክተሩ መርፌውን አንድ ቀን እያሳለፉ ሰጡ፣ ሽንታቸውም ተመለሰ። አንድ ቀን ጠዋት ገንፎ በልተው፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። መድኃኒቱን የላከው ሰው ማን እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ ስሙን ነገርኳቸው። “ሙሉጌታ” እያሉ ደጋግመው መረቁት፤ ከአልጋ ሲነሡ በእጃቸው የፈተሉትን ኩታ እንደሚልኩለት ነገሩኝ። ስምንት ዓመት ጋዋኔን ሲያጥቡልኝ ለእኔ ኩታ አላሰቡም። ይህ በልቤ ሲመጣ ራሴን ታዘብኩት፤ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“እትዬ፣ ክኒኑን ያጎደልኩብዎት እኔ ነኝ” አልኳቸው። “አራት ታዝዞልዎት ነበር። እኔ ሁለት ነው የሰጠሁዎት።”

“አውቃለሁ” አሉኝ። “ዶክተሩ በጣታቸው አራት ሲያሳዩህ አይቼ ነበር። አንተ ሁለት ስታመጣ፣ ከእኔ የባሰባት አንዲት ምስኪን አለች፣ ለእሷ እያካፈለ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደግ አደረገ ነው ያልኩት።” እጄን ያዙኝ። “ያቺኛዋስ ዳነች ልጄ?”

የመሳቢያው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።

“ሌላ ሰው አልነበረም፣ እትዬ” አልኳቸው፤ ከዚያ ተነሥቼ ቁልፉን ይዤ ወደ ዶክተሩ ክፍል ሄድኩ።